ጌሙ ቤታችን የገባበት ቅዳሜ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ተከራያችን ናትናኤል በሩን አንኳኩቶ፣ «ጋሼ አለበል፣ ሥራ ካልያዙ አንዴ መጥተው አንድ ነገር ይዩልኝ» አለኝ። ናትናኤል እዚህ ደብረ ማርቆስ ለማስተማር ከሐዋሳ የመጣ ወጣት ነው፤ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ሰው አክባሪ ነው። ብቻውን ስለሆነ ይመስለኛል፣ አዲስ ዕቃ በገዛ ቁጥር የሚያሳየው ሰው ይፈልጋል። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር ግቢው ጭቃ ነው። ጫማዬን ደጃፉ ላይ አራግፌ ገባሁ።

መጋረጃውን ግጥም አድርጎ ዘግቶታል። የግድግዳውን ግማሽ የሚሸፍን ምስል ከፊቴ ተዘርግቷል፤ ድምፁ ደግሞ ከግራም ከቀኝም ከኋላዬም ይመጣል። ከምስሉ ሥር፣ ጠረጴዛው ላይ፣ አንድ ጥቁር የጌም ማጫወቻ ተቀምጧል።

«ይኼ ለጌም ብቻ እንዳይመስልዎት፣ ጋሼ» አለኝ፣ ለሽማግሌ የስልክ አጠቃቀም እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብሎ። «ፊልሙንም የሚያጫውተው እሱ ነው። ሌላ ማጫወቻ አላስፈለገኝም። ቤቴን ሲኒማ ቤት አደረግኩት ማለት ነው።»

«እንዲያ ነው?» ብዬ ተቀመጥሁ። ፊልሙ ስለ ምን እንደነበር ብትጠይቁኝ በቅጡ አልነግራችሁም። ዓይኔ ግድግዳው ላይ ይሁን እንጂ ሐሳቤ ደምበጫ ሄዶ ነበር፤ ናትናኤል ገና ፊደል ሳይቆጥር፣ የእኔም ጸጉር ጥቁር ሳለ፣ አንድ የጌም ማጫወቻ በጋቢ ተጠቅልሎ ቤታችን ወደ ገባበት ቅዳሜ።

አባቴ መምህር ይስማው ደምበጫ ላይ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። በልጅነታቸው ዲማ ወርደው ቅኔ ተምረዋል፤ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የገቡት ዘግይተው ነው። የቅኔው ትምህርት ሳይፈጸም ቢቀርም ቃል መመዘኑ አብሯቸው ቀረ። የማያምኑበትን ቃል ካፋቸው አያወጡም፣ ያወጡትን ደግሞ አይመልሱም። ቤታችን ውስጥ ጠብ እንኳ ሲነሣ በጥቂት ቃል ነበር የሚያልቀው። እናቴ ባንቺአምላክ፣ «አባታችሁ ሲናገሩ ጨው የሚሰፍሩ ይመስላሉ» ትለን ነበር።

እኒያ ሰውዬ በከተማው ውስጥ እንደ ጌም ቤት የሚጠሉት ነገር አልነበረም። ጌም ቤቱ ከገበያው ጀርባ ባለው ስርጥ መንገድ፣ በሐጂ ሰይድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ጎን፣ በቆርቆሮ የተሠራ አንድ ክፍል ነው። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ፕሌይስቴሽን» የሚል ተጽፎበታል፤ ጽሑፉ መጨረሻው ላይ ቦታ ስላጠረው ፊደሎቹ ተጨናንቀዋል። ባለቤቱ የሐጂ ሰይድ ልጅ ከድር ነው። ከድር የአባቴ ተማሪ ነበር፣ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ከሚሏቸው አንዱ። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ትቶ ጌም ቤቱን ሲከፍት አባቴ ሱቅ ድረስ ሄደው፣ «ሐጂ፣ ይህን የመሰለ ልጅ ለጨዋታ ሰጡት» አሏቸው። ሐጂም፣ «መምህር፣ ልጁ የእኔ ነው» ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ያልፋሉ እንጂ ቆመው አያወሩም ነበር።

አባቴ በትምህርት ሰዓት ጌም ቤቱ ድረስ እየሄዱ ዩኒፎርም የለበሰውን ሁሉ በጆሮው እየጎተቱ ያወጣሉ። ከድር ከወንበሩ ተነሥቶ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሲወጡም፣ «ደኅና ይዋሉ ቲቸር» ይላል። እኔ ያን ዓመት ቴክኒክና ሙያ ጨርሼ ሥራ የምጠብቅ ስለነበርሁ ዩኒፎርም የለኝም፤ ጌም ቤት መግባቴን የሚከለክለኝ ሕግ የለም። ቢሆንም የአባቴ ልጅ ነኝና ከኋላ በር ነበር የምገባው። ከድርና እኔ ጓደኛሞች የሆንነው እንዲያ ነው።

ታላቅ እህቴ ማስተዋል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር። የአባቴ ኩራት እሷ ነበረች። ሳትመረቅ ዳዊት ከሚባል የሚኒባስ ሹፌር ጋር ተዋደደችና ልጁ በወጉ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ደምበጫ መጥተው ጠላ ቀረበላቸው፣ ተከበሩ፣ ባዷቸውን ተመለሱ። የአባቴ መልስ «መጀመሪያ ትጨርስ» የሚል ነበር። ማስተዋል ትምህርቷን አቋረጠችና በጥር አገባች። አባቴ አልሄዱም፤ እናቴም ያለ እሳቸው አልሄደችም። ሰርጉ ዕለት እናቴ ጧት ተነሥታ ለጥምቀት የምትለብሰውን ቀሚስ ለበሰች፣ ጸጉሯን ተሠራች፣ ከዚያ የትም ሳትወጣ ጓዳ ውስጥ ስንዴ ስትለቅም ዋለች። አባቴ አይተው ከቤት ወጡ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል፣ ስለ ሰርጉ ማውራት ግድ ሲሆንባቸው «ያ ነገር» ይሉ ነበር እንጂ «ሰርግ» የሚለውን ቃል አንድም ጊዜ ሲያወጡት አልሰማሁም።

መጋቢት ላይ፣ ዐቢይ ጾም ገብቶ፣ ያ የቀትር ነፋስ የገበያውን ገለባ ሰው ዓይን ውስጥ በሚዘራበት ሰሞን፣ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ አውቶቡስ ረዳት በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። የላከችው ማስተዋል ናት። ውስጡ አንድ ሲዲ ብቻ ነው፣ ላዩ ላይ «ለእማዬ» ተብሎ ተጽፎበታል። እናቴ ተቀብላኝ ብርሃን ላይ አገላበጠችው፣ የራሷን ፊት አየችበት፣ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«በምን ነው የሚታየው?» አለችኝ።

ጎረቤታችን ቤት የሲዲ ማጫወቻ ነበር። አባቴ ትምህርት ቤት ሳሉ ይዘን ሄድን። ማጫወቻው ሲዲውን ዋጠ፣ ሲያጉረመርም ቆየ፣ መልሶ ተፋው። ሦስቴም አራቴም ሞከርን። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፦ የተላከልን ተራ ሲዲ አይደለም፣ ዲቪዲ ነው። ዲቪዲ የሚያነብ ማጫወቻ ያን ጊዜ በእኛ ሰፈር ማንም አልነበረውም። የከድር የጌም ማሽን ግን ያነባል። ዓርብ ዓርብ ልጆቹ ሲወጡ ፊልም የምናየው በሱ ነበር።

ለእናቴ ስነግራት ጥቂት አሰበች። እኔ ከድርን እለምነዋለሁ ብዬ ነበር፤ እሷ ግን፣ «የኔን ጉዳይ አንተ አትለምንልኝ» አለችና ነጠላዋን አደግድጋ ወጣች። ከኋላዋ ተከተልኋት። በዋናው በር ነው የገባችው። ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ልጆች እየተጯጯሁ ኳስ ይጫወታሉ። የመምህር ይስማውን ሚስት ሲያዩ ጨዋታው እንኳ የቆመ መሰለኝ፤ አንዱ ልጅ ጆይስቲኩን እንደያዘ ከአግዳሚው ሥር ገባ።

ከድር ተነሥቶ ቆመ። «እትዬ ባንቺ፣ ደኅና ዋሉ? ዛሬ የትምህርት ሰዓት አልፏል፣ ልጆቹ…»

«ልጅ ልይዝ አልመጣሁም፣ ከድሬ» አለችው። «ልጄን ልታሳየኝ ትችላለህ ተብዬ ነው የመጣሁ።»

ሲዲውን ከነጠላዋ ፈትታ አወጣችለት። ከድር ተቀብሎ አየው፣ እኔን አየኝ፣ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባው። ደምበጫ ውስጥ የማስተዋልን ነገር የማያውቅ ሰው አልነበረም።

«እዚህ ላሳይዎት እችላለሁ፤ ግን ቦታው ለእርስዎ አይሆንም» አላት። «ቅዳሜ ቤት ድረስ ላምጣው?»

ቅዳሜ የደምበጫ ገበያ ነው። ከየገጠሩ የሚመጣው ወጣት ሁሉ ጌም ቤቱ ደጃፍ ላይ የሚሰለፍበት ቀን ነው። እናቴም ይህን ታውቃለች። «ገበያህስ?» አለችው።

«ገበያው የሚቀጥለው ቅዳሜም አለ» አለ ከድር።

ቅዳሜ የተመረጠው በምክንያት ነበር። አባቴ ዕለቱን ማርቆስ ስብሰባ እንዳላቸው ከድር ከተማሪዎቹ ሰምቶ ነበር፤ ጧት ወጥተው ሲመሽ ነው የሚመለሱት። እንደወጡ ከድር ማሽኑን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ሁለቱን የጌም ቤቱን ስፒከሮች ጋሪ ላይ ጭኖ መጣ። እኔ የቴሌቪዥናችንን ዳንቴል አነሣሁ። ያ ቴሌቪዥን አሮጌ ነው፤ ጀርባው ላይ ከአንቴና ቀዳዳ በስተቀር ምንም የለውም። የጌሙ ገመድ ደግሞ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ነው ያለው፣ የሚሰካበት የለም። ሁለታችንም ቴሌቪዥኑን አዙረን ቁጭ ብለን አየነው። እናቴ ከኋላችን ቆማ፣ «እንቢ አለ?» ትላለች።

መፍትሔው አጠገባችን ነበር። አባቴ ወደ አገሩ ከተመለሰ አንድ ፈረንጅ አስተማሪ የገዙት የካሴት ቪዲዮ ዴክ ቡፌው ላይ እንደ ጌጥ ተቀምጧል፤ ካሴት ካየንበት ብዙ ዘመን አልፏል። ዴኩ በአንድ በኩል ባለቀለሙን ገመድ ይቀበላል፣ በሌላው በኩል በአንቴና ገመድ ያወጣል። ጌሙን ከዴኩ፣ ዴኩን ከቴሌቪዥኑ አያያዝናቸው። ድምፁን በከድር ማጉያ በኩል ወደ ስፒከሮቹ ወስደን አንዱን በቡፌው፣ ሌላውን በእህል ጎተራው በኩል አቆምናቸው። ጣቢያ ስፈልግ ቆይቼ ከስክሪኑ ነጭ ነጠብጣብ መሐል የማሽኑ ሰማያዊ ገጽ ብቅ ሲል ከድር ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ሰማያዊ ነው ያልሁት ጌም ቤት ስለማውቀው ነው፤ እኛ ቤት የታየው ግራጫ ሆኖ ነው። ቀለሙ እንቢ አለን። የዴኩና የጌሙ አሠራር አልተስማማም።

«ቀለም የለውም፣ እትዬ» አለ ከድር ቅር ብሎት።

«ሙሽራ ነጭ ነው የምትለብስ፤ ቀለም ምን ያደርግልኛል?» አለችው እናቴና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

ሰርጉ ተጀመረ። ከበሮውና ጭብጨባው ከሁለቱ ስፒከሮች ሲወጣ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። የሰፈር ሴቶች ድምፁን ሰምተው፣ «እነ ባንቺ ቤት ምንድን ነው?» እያሉ አንድ ሁለት ሆነው ገቡ። ማስተዋል በስክሪኑ ላይ ብቅ ስትል እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «ከስታለች» አለች መጀመሪያ። ቆይታ ደግሞ፣ «አይ፣ አልከሳችም፤ ቀሚሱ ነው» አለች። ከጎረቤቶቻችን አንዷ እልል አለች፣ ሌሎቹም ተቀበሏት። እናቴ ተነሥታ የጾም የሆነውን ሁሉ ታቀርብ ጀመር፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ቆሎ፣ ለሰኞ ማኅበር የተጠመቀውን ጠላ። ለከድር ደግሞ ጠላ ስለማይጠጣ ብርዝ በጠበጠችለት። ሰርግ ሆነ ማለት ይቻላል።

የአባቴን መምጣት ያየ የለም። ስብሰባው ቀርቶ ኖሯል፤ በጭነት መኪና ተሳፍረው አቧራ እንደለበሱ ተመልሰዋል። ዘወር ስል በሩ ላይ ቆመዋል፣ ባርኔጣቸው በእጃቸው ነው። መጀመሪያ ያዩት ከድርን መሰለኝ፣ ከዚያ ማሽኑን፣ ከዚያ ቤት ሙሉውን ሴት። እልልታው ከአንዷ ወደ አንዷ እየተላለፈ ጠፋ። ስክሪኑ ላይ ግን ሰርጉ አልቆመም። ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ ተንበርክከዋል። በአባት ወንበር ላይ የተቀመጡት የእናቴ አጎት አያ ፈንቴ ናቸው፤ አዲስ አበባ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሽማግሌ። ማስተዋል ጉልበታቸውን ስማ ቀና ስትል አያ ፈንቴ እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ እንዳደረጉ፣ ለምርቃት ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«እኔ እንግዲህ የተቀመጥሁት የመምህር ይስማው ወንበር ላይ ነው። ወንበሩ…» አሉ።

መብራት ሄደ።

ስክሪኑ ወደ መሐሉ ተሰብስቦ ነጥብ ሆነና ጠፋ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ከገበያው የሚመጣ የአህያ ጩኸት ብቻ ነበር። ከድር ተነሥቶ ገመዱን ለመንቀል እጁን ዘረጋ።

«ተወው፣ አትንቀለው» አሉ አባቴ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩና፣ «ምን ሊሉ ነበር?» አሏት።

«ማን?»

«አያ ፈንቴ ናቸዋ። ‹ወንበሩ› ብለው ነው የተቋረጡ። ወንበሩ ምን ሊሉ ነበር?»

«እኔ በምን አውቃለሁ?» አለች እናቴ። ድምፅዋ ረግቶ ነበር፤ ከማልቀስ አልፋ ነበር መሰለኝ። «ከአንቱ እኩል ነው ያየሁት። ሄደን ቢሆን ከአፋቸው እንሰማ ነበር።»

አባቴ ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ መታ መታ አድርገው አቧራውን አራገፉ። «ይህ መብራት መቼ ይመጣል?» አሉ።

«በዚህ ሰዓት ከሄደ ሳይመሽ አይመጣም፣ ቲቸር» አለ ከድር።

«ጄኔሬተር ያለው ማን ነው?»

ከድር መሬት መሬት እያየ፣ «አባቴ ሱቅ አንዲት አለች» አለ።

አባቴ ባርኔጣቸውን ደፉ። ከድርን ልከው መቅረት ይችሉ ነበር፤ እኔም እሄዳለሁ ብዬ ተነሥቼ ነበር። እሳቸው ግን፣ «ዕቃው የሐጂ ነው። የምጠይቀው እኔ ነኝ» ብለው ቀድመውን ወጡ። በገበያው መሐል ሦስታችንም አብረን ሄድን። ድንች ሻጮቹ፣ ፈረስ የሚጎትቱት ገበሬዎች፣ ከሁሉም በላይ የትምህርት ቤቱ ልጆች፣ መምህር ይስማውና ባለ ጌም ቤቱ ከድር ጎን ለጎን ሲሄዱ እያዩ መንገድ ይለቁልናል። ከድር አንዴ ወደ ኋላ ሊቀር ሲል አባቴ ቆመው ጠበቁት።

ሐጂ ሰይድ አቡጀዲ እየለኩ ነበር። አባቴን ሲያዩ መለኪያውን አስቀመጡ። ሰላምታው ረዘመ፤ ሁለቱም እንደሚያመልጡበት መንገድ ያዙት፤ ጤና፣ ቤተሰብ፣ ነፋሱ፣ ዝናቡ። በመጨረሻ የሚጠየቅ አለቀ።

«ሐጂ፣» አሉ አባቴ፣ «ለልጄ ሰርግ ጄኔሬተር ቸግሮኝ ነው የመጣሁ።»

እኔ ከበሩ ጋ ቆሜ ነበር። «ሰርግ» የሚለው ቃል ካፋቸው ሲወጣ ሰማሁት። የመምህር ይስማው ሚዛን ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ተራ ጥያቄ ነው የሚመስለው።

ሐጂ ግራ ተጋቡ። «ልጅ ዳሩ እንዴ መምህር? እኛ አልሰማንም። መቼ ነው ሰርጉ?»

«ዛሬ ነው።»

ሐጂ ሰይድ ልጃቸውን አዩት፣ እኔንም አዩኝ። የሚያውቁትንና የሚሰሙትን ሲያስማሙ ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ብድግ ብለው የአባቴን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «አላህ ትዳራቸውን ይባርክ። እንኳን ደስ ያለዎት።»

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አሉ አባቴ።

ጄኔሬተሯን ጋሪ ላይ ጫንን። ሐጂ ሱቃቸውን ለሠራተኛቸው ትተው፣ ለሙሽራዋ እናት ብለው አንድ ነጠላ በክንዳቸው ይዘው ተከተሉን። ጄኔሬተሯ ጓሮ፣ የጌሾው ዛፍ ሥር ቆመች። ድምፅዋ ከበሮ ይሸፍናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የከድር ስፒከሮች ግን አላሳፈሩንም። ፊልሙ ከመጀመሪያው ስለተነሣ ሴቶቹ እንደ አዲስ እልል አሉ። አባቴ ወንበር ቀርቦላቸው ከሐጂ አጠገብ ተቀመጡ። ያ ቦታ ላይ ስንደርስ ማንም ቆሎ አልቆረጠመም።

«…ወንበሩ የሱ ነው» አሉ አያ ፈንቴ፣ በዚያ በተሰነጣጠቀ ድምፃቸው። «እኔ አደራ ጠባቂ ነኝ። ዛሬ አልመጣም፤ መንገድ ነው፣ አይፈረድበትም። በመጣ ጊዜ እነሣለሁ። እስከዚያ ልጄ፣ በሱ ስም እመርቅሻለሁ።» ከዚያ ምርቃቱ ተከተለ፣ ሁሉም አሜን አለ፣ እኛም ቤት አሜን ተባለ።

አባቴ ትንሽ ቆይተው፣ «ከድር፣ ይህ ነገር ወደ ኋላ ይመለሳል?» አሉ።

«ይመለሳል ቲቸር።» ከድር መልሶ አሳያቸው። ጨርሶ ሲቀጥል፣ «እስቲ አሁንም» አሉት። ሦስተኛው ላይ ከድር ጆይስቲኩን አመጣና እጃቸው ላይ አስቀመጠላቸው፤ የቱን ሲጫኑ እንደሚመለስ፣ የቱን ሲጫኑ እንደሚቆም በጣቱ አሳያቸው። አባቴ እንደ መዝሙረ ዳዊት በሁለት እጃቸው ያዙት። ያን የሚያባርሩትን ዕቃ ይዘው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ አውራ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ ሲያሳርፉ የሳቀ ሰው የለም። ማስተዋል ቀና የምትልበት ቦታ ላይ አቆሙትና ለረጅም ጊዜ አዩት። ምስሉ ቆሞ ስለነበር ጠርዙ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ነገሩ ሁሉ በዚያ ቀን ተስተካከለ ብል ውሸት ይሆናል። አባቴ ከሰርጉ መቅረታቸውን ስሕተት ነበር ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ከፋሲካ በኋላ እናቴን ይዘው፣ አንድ ማሰሮ ቅቤና የጎጃም ነጭ ማር አስይዘው አዲስ አበባ ወረዱ። ሲመለሱ ስለ ዳዊት የተናገሩት «ነገር አያበዛም» የሚል ብቻ ነበር፤ ከሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። የትምህርቷን ጉዳይ ግን አልለቀቁም። በየበዓሉ ሲደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነበር፤ ማስተዋል ልጆች ወልዳ፣ በማታ ትምህርት ስትመረቅ ከፊት ወንበር ተቀምጠው አዩ። ጌም ቤቱንም አልተዉትም። ከዚያ ቅዳሜ ቀጥሎ ባለው ሰኞ እንደ ልማዳቸው ሄደው ዩኒፎርም የለበሱትን በጆሮ አወጡ። ልዩነቱ ሲወጡ ነበር። ከድር፣ «ደኅና ይዋሉ ቲቸር» ሲላቸው እሳቸውም ቆመው፣ «ደኅና ዋል ከድር፤ አባትህን ሰላም በልልኝ» ይሉት ጀመር። ከሐጂ ሰይድ ጋር እስከ ሞታቸው ድረስ ወዳጅ ሆኑ። አሁን ሁለቱም የሉም።

ናትናኤል ፊልሙ ሲያልቅ መጋረጃውን ከፈተና፣ «እንዴት ነው ጋሼ፣ ድምፁ?» አለኝ። በጣም ጥሩ ነው አልሁት፤ እውነትም ጥሩ ነበር። ከዚያ ይህን ታሪክ ነገርሁት። ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ ዲቪዲው አሁን ካለ ወደ ፍላሽ ሊገለብጥልኝ እንደሚችል፣ ቀለሙም እንደሚመጣ ነገረኝ። የት እንዳለ አላውቅም ነበርና ማታ ለማስተዋል ደወልሁላት። እናታችን አሁን የምትኖረው እሷ ጋ ነው።

«የሰርግሽ ሲዲ አለ?» አልኋት።

«እኔ ምኑን አውቄ?» አለችኝ። «እኔ ጋ ኖሮ አያውቅም። ያስቀዳሁት አንድ ብቻ ነው፣ ለእናንተ።»

«አንቺ አላየሽውም ማለት ነው?»

«አንድም ቀን አላየሁትም። እኔ እዚያ ነበርሁ እኮ አለበል። ምን አይበታለሁ?» አለች። ከበስተጀርባዋ የእናቴ ድምፅ፣ ማን እንደደወለ ስትጠይቅ፣ ይሰማኛል። «ይልቅ» አለችኝ ማስተዋል፣ «እናንተ ስታዩት እንዴት እንደነበር ንገረኝ። እማዬ ስታወራው ሁልጊዜ ያስለቅሳታልና አትጨርስልኝም። አባዬ ሲገቡ የት ጋ ነው የቆሙት?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥሁና ከበሩ ጀመርሁላት።